የሰርጡ ሁለት ዳር፦ የዛንዚባር ቤቶችና መሬት

ዛንዚባር ከታንዛኒያ ዋና ምድር ጠረፍ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚገኝ የደሴቶች ስብስብ ነው። ትልልቆቹ ኡንጉጃና ፔምባ ናቸው፤ በተለምዶ ዛንዚባር የምትባለው ግን ዋናው ከተማ ያለባት ኡንጉጃ ናት። ደሴቲቱ ትንሽ ብትሆንም መሬቷ አንድ ዓይነት አይደለም። በምዕራብ በኩል አፈሩ ጥልቅና ለም ነው፤ ምንጭም አይጠፋም። በምሥራቅና በደቡብ ግን ጥቂት ሲቆፈር ሹል የኮራል ድንጋይ ይወጣል። የዘነበው ዝናብ በድንጋዩ ቀዳዳ ሰርጎ ስለሚጠፋ በመሬቱ ላይ የሚፈስ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ማን የት እንደሰፈረ፣ ማን ምን እንዳረሰ፣ ማንስ በምን ቤት እንደኖረ ለመረዳት አስቀድሞ ይህን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወሳኝ ነገር ነፋሱ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ «ካስካዚ» የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከዚያ በኋላ «ኩሲ» ከደቡብ ይተካል። ዳው የሚባሉት ባለ ሸራ መርከቦች በመጀመሪያው ነፋስ ከዓረብና ከሕንድ ይመጡ፣ በሁለተኛው ይመለሱ ነበር። በመካከሉ ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ድረስ ወራት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ዛንዚባርን የእንግዳ ማረፊያ፣ የመጋዘንና የሱቅ ከተማ ያደረጋት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዝናቡም ሁለት ወቅት አለው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚወርደው «ማሲካ» ከባድ ነው፣ በአውሮፓውያኑ ዓመት መጨረሻ የሚመጣው «ቩሊ» ቀለል ይላል። በአጠቃላይ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ስለዚህ በዛንዚባር ቤት የሚሠራ ሰው ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከጨዋማ አየር ጋር በአንድ ጊዜ መታገል ነበረበት።

ለዚህ ትግል ደሴቲቱ የምትሰጠው ሦስት ነገር ነው፤ ኮራል፣ ኖራና የማንግሮቭ እንጨት። ከየብስ የሚፈለጠው የኮራል ድንጋይ ቅርጹ ያልተስተካከለ በመሆኑ እንደ ጥርብ ድንጋይ ተደርድሮ አይቆምም፤ በብዙ ኖራ መያያዝ አለበት። ኖራውም የሚገኘው ከዚያው ከኮራሉ ነው። ድንጋዩ በእንጨት ክምር ላይ ተደርጎ ይቃጠላል፣ ከዚያም ውሃ ጠጥቶ ይበርዳል፣ ከአሸዋና ከቀይ አፈር ጋር ተለውሶ ግድግዳ ይሆናል። ለጌጥ ሥራ ደግሞ ከባሕር ውስጥ በሕይወት ያለ ኮራል ይወጣ ነበር፤ እርጥብ ሳለ በቢላ የሚቀረጽ ሲሆን ሲደርቅ ይጠነክራል። ጥበቡ የጥንት ነው። በደሴቲቱ ደቡብ በኪዚምካዚ የሚገኘው መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1107 የተጻፈ የኩፊ ጽሕፈት በግድግዳው ላይ ይዟል፤ ምንም እንኳ የዛሬው ሕንፃ አብዛኛው ክፍል ከዚያ በጣም ዘግይቶ የታደሰ ቢሆንም። ኮራልን በኖራ እያያያዙ ከተማ መሥራት ከላሙ እስከ ኪልዋ ባለው የስዋሂሊ ጠረፍም፣ በቀይ ባሕር ዳር በምጽዋም የታወቀ ሙያ ነበር።

የቤቱን መልክ የወሰነው ግን ከድንጋዩ ይልቅ እንጨቱ ነው። «ቦሪቲ» የሚባለው የማንግሮቭ አጣና በጨዋማ ረግረግ ስለሚበቅል ምስጥ በቀላሉ አይበላውም፤ ጠንካራና ቀጥ ያለም ነው። ሆኖም ርዝመቱ የተወሰነ በመሆኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሸፍነው ከሁለት ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ባለጠጋው የፈለገውን ያህል ረጅም እልፍኝ ቢሠራ ወርዱን ማስፋት አይችልም ነበር። የዛንዚባር አሮጌ ቤቶች ክፍሎች ሁሉ ጠባብና ረጃጅም የሆኑት በዚህ ነው። ያው እንጨት ከሩፊጂ ወንዝ አፍና ከላሙ አካባቢ እየተቆረጠ እስከ ኩዌትና ባሕሬን ይጓዝ ስለነበር፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ የቀድሞ ቤቶች ክፍሎችም በዚሁ ልክ ተሠርተዋል። በሁለት የተራራቁ ጠረፎች የሰው መኖሪያ ወርድ በአንድ ዛፍ ቁመት መለካቱ በሥነ ሕንፃ ታሪክ ውስጥ ብዙ የማይገኝ ነገር ነው።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በምዕራቡ ጠረፍ፣ ወደ ባሕር በወጣ ባለ ሦስት ማዕዘን መሬት ላይ ነው። መሬቱ ከደሴቲቱ ጋር የሚገናኘው በደቡብ በኩል ባለ ጠባብ አንገት ብቻ ሲሆን፣ በምሥራቅ ጠባብ የባሕር ሰርጥ ይለየው ነበር። ባሕሩ ሲሞላ ሰርጡ በውሃ ይጥለቀለቃል፣ ሲጎድል ጭቃ ይሆናል። ፖርቱጋሎች በጠረፉ ላይ በነበሩበት ዘመን ከባሕሩ ዳር ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1698 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የኦማን ዓረቦች ፖርቱጋሎችን ከሞምባሳ ካስወጡ በኋላ በዚያው ቦታ ዛሬም ቆሞ የሚታየውን ምሽግ አነጹ። ያም ሆኖ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ በምሽጉ ዙሪያ የነበረው አብዛኛው ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ የዘንባባ ቅጠል ነበር።

ለውጡ የመጣው የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ ቢን ሱልጣን ዓይኑን ወደ ደሴቲቱ ሲያዞር ነው። ሱልጣኑ ዛንዚባርን መጀመሪያ የጎበኘው በ1828 ሲሆን፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ከከተማው በስተሰሜን በምቶኒ ቤተ መንግሥት ሠርቶ መቀመጫውን ከማስካት ወደዚያ አዛወረ። ከምንም በላይ ታሪክ የሠራው ግን በቅርንፉድ ነው። ችግኙ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሕንድ ውቅያኖስ የፈረንሳይ ደሴቶች መጥቶ ነበር፤ ሱልጣኑ ባለመሬቶቹ ሁሉ እንዲተክሉ አዘዘ፣ ያልተከለ መሬቱን እንደሚያጣም ይነገር ነበር። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ዛንዚባር በዓለም ገበያ የቅርንፉድ ዋና አቅራቢ ሆነች። ዛፉ ለም አፈር ስለሚፈልግ የምዕራቡ መሬት በኦማን ባለርስቶች እጅ ገባ። ቀድሞ የነበሩት ዋሃዲሙ የሚባሉት ነዋሪዎች ወደ ምሥራቁ የኮራል ምድር ተገፉ፤ እዚያም በድንጋይ መካከል ባለች ጭብጥ አፈር ላይ ቦታ እያፈራረቁ አረሱ፣ ዓሣ አጠመዱ። ቅርንፉዱን የሚለቅሙት፣ በከተማውም ድንጋይና ኖራ የሚሸከሙት ከዋናው ምድር በግዳጅ የመጡ ባሪያዎች ነበሩ። ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቀው ግድግዳ ሁሉ በእነርሱ ትከሻ የተሠራ መሆኑ መታወስ አለበት።

የድንጋይ ከተማ የሚባለው ሰፈር አብዛኛው ቤቱ የተሠራው በዚህ ዘመን፣ ከ1830ዎቹ እስከ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ባለው ጊዜ ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት ቤት ይታያል። የኦማን ሰዎች ቤት ከውጭ ጭምት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጥቂት፣ ውስጡ ግን በአደባባይ መሰል ግቢ ዙሪያ የተደረደሩ ክፍሎች ያሉት ነው። ከደጃፉ አጠገብ እንግዳ የሚስተናገድበት ክፍል ይኖራል፤ ወንድ እንግዶች ከዚያ አልፈው ወደ ቤተሰቡ አይገቡም። የሕንድ ነጋዴዎች ቤት ደግሞ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ ነው። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ፣ ፊት ለፊቱ በእንጨት ሥራ ያጌጠ ሰገነት። ከሁለቱም ጋር የሚገናኘው ተቀርጾ የተሠራው በር ነው። የዓረቡ በር ጉበኑ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ከሕንድ የመጣው ቅስት ያለውና የናስ ጉጥ የተመታበት ነው። በመቃኑ ላይ ሰንሰለት፣ የሎተስ አበባ፣ ዓሣና የተምር ዛፍ ይቀረጻል፤ የቤቱ ባለቤት ሀብትና ማዕረግም በበሩ ይለካ ነበር።

መንገዶቹ ጠባብና ጠምዛዛ መሆናቸውን የቅኝ ዘመን ባለሥልጣናት እንደ ጉድለት ቆጥረውታል። ነገር ግን በምድር ወገብ አጠገብ ላለ ከተማ ጥቅማቸው ብዙ ነው። ፎቆቹ አንዱ በሌላው ላይ ጥላ ስለሚጥሉ ፀሐይ መሬቱን የምትነካው በእኩለ ቀን ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከባሕር የሚነሣው ነፋስም በመንገዱ ጥበት ምክንያት ይፈጥናል። በግድግዳው ሥር ያለው «ባራዛ» የሚባል የድንጋይ መደብ ደግሞ ቤቱን ከመንገዱ ጋር ያገናኛል። ቀን ሽማግሌዎች ቡና ይጠጡበታል፣ ሸቀጥ ይዘረጋበታል፤ ማሲካ ሲመጣ መንገዱ ጎርፍ ሲሆን ሰው በእርሱ ላይ ይሻገራል።

ከውጭ የመጣ የአሠራር ልማድ ከአገሩ ዝናብ ጋር የተጋጨው ከጣራው ላይ ነው። ኦማኖች እንደ አገራቸው ጠፍጣፋ ጣራ ሠሩ፤ በቦሪቲው ላይ ድንጋይ ደርድረው ኖራ በዱላ እየቀጠቀጡ አጠበቁት። ማስካት ላይ ይህ ዓይነት ጣራ ዘመን ይቆያል፤ ዛንዚባር ላይ ግን በየማሲካው እየፈሰሰ ግድግዳውን አበሰበሰው፣ የእንጨቱን ጫፍም አሻገተ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ቆርቆሮ በመርከብ ሲመጣ ነዋሪዎቹ በጠፍጣፋው ጣራ ላይ ዘቅዛቃ የቆርቆሮ ክዳን ደረቡበት። ከባሕር ላይ ሲታይ ከተማዋን የሚሸፍነው የዛገ ቆርቆሮ ውበቷን እንደቀነሰ የሚናገሩ አሉ፤ እውነቱ ግን ከተማዋን ያተረፋት እርሱ መሆኑ ነው።

ውሃው ሌላ ጉዳይ ነበር። የከተማው ጉድጓዶች ከመጸዳጃው ጎን ስለነበሩ ኮሌራ በተደጋጋሚ ፈጃት። በዛንዚባር ይሠራ የነበረው ሐኪም ጄምስ ክሪስቲ በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በ1869 የገባው ወረርሽኝ ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በኢትዮጵያና በማሳይ አገር በኩል የንግድ መንገድ ተከትሎ መድረሱን አሳይቷል። ከ1870 እስከ 1888 የነገሠው ሱልጣን ባርጋሽ ከከተማው ውጭ ካለ ምንጭ ንጹሕ ውሃ በቦይና በቧንቧ አስመጣ። ለከተማዋ ጤና ያን ያህል የጠቀመ ሌላ ግንባታ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ስሙን ያስጠራው ግን በ1883 የተሠራው ቤይት አል አጃኢብ ነው። አማርኛው «አጃኢብ!» የሚለው የመደነቅ ቃል ከዚያው የዓረብኛ ቃል የመጣ ስለሆነ ስሙ ትርጉም አያሻውም። የሕንፃው ዙሪያ ሰገነት በብረት ዓምዶች ላይ ቆሞ፣ ወለሉ በረጃጅም የብረት አግዳሚዎችና በኮንክሪት ተያዘ። በዚህም የማንግሮቭ አጣና ለዘመናት የጣለው ገደብ በዛንዚባር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ፤ ክፍሎቹ እንደ ልብ ሰፉ።

ከሰርጡ ባሻገር ያለው ሰፈር ንጋምቦ ይባላል፤ በስዋሂሊ «ማዶ» ማለት ነው። በ1897 ባርነት በሕግ ሲሻር ነፃ የወጡት፣ ከገጠር የመጡትና የዕለት ሠራተኞች በብዛት የሰፈሩት እዚያ ነው። የንጋምቦ ቤት አሠራር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። አጣና ይተከላል፣ ማገር ይታሰራል፣ በመካከሉ ድንጋይና ጭቃ ይመረጋል። ክዳኑ «ማኩቲ» የሚባለው የኮኮናት ዘንባባ ቅጠል ነው። ከደጃፉ ባራዛ አለ፤ ከእርሱ ወደ ውስጥ ቀጥ ያለ መተላለፊያ ይዘልቃል፣ ግራና ቀኝ ክፍሎች ይደረደራሉ፣ ከኋላ ምግብ የሚበሰልበትና ውሃ የሚቀዳበት የሴቶች ጓሮ ይገኛል። የመተላለፊያው ሁለት ጫፍ ሲከፈት ነፋስ በቤቱ ውስጥ ያልፋል፤ በቅጠሉ ክዳንም ሙቀቱ ይወጣል። ለሙቀት ከሆነ ይህ ቤት ከብዙ የድንጋይ ቤቶች ይሻላል። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ስለሚከራዩና በአቅም ልክ ስለሚጨመሩም ለድሃ ይመች ነበር።

መሬቱ ግን የነዋሪው አልነበረም። ቤቱ የሠሪው፣ መሬቱ የዓረብ ወይም የሕንድ ባለርስት ወይም የወቅፍ፣ ማለትም ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ንብረት ነበር። ቀድሞ ብዙዎች ያለ ኪራይ ወይም በጥቂት ነገር ይቀመጡ ነበር። ከተማዋ ስትሰፋ ባለርስቶቹ የመሬት ኪራይ መጠየቅና መጨመር ጀመሩ። በ1928 የንጋምቦ ነዋሪዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ኪራይ አንከፍልም ብለው አደሙ። በደሴቲቱ የከተማ መሬት ታሪክ ውስጥ ነዋሪው በግልጽ ድምፁን ያሰማበት ትልቅ አጋጣሚ ይህ ነው፤ ከየትኛውም የዕቅድ ካርታ በላይ ሊነገር ይገባዋል።

ዛንዚባር በ1890 የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት ከሆነች በኋላ ሁለቱን ዳር በሕግ መለየት ተጀመረ። በ1910ዎቹ ምሥራቅ አፍሪካን የጎበኘው የጤና ባለሙያ ዊልያም ሲምፕሰን፣ በሽታን ለመከላከል ዘሮች በባዶ መሬት ተለያይተው እንዲሰፍሩ መከረ። በ1923 የከተማ ዕቅድ ባለሙያው ሄንሪ ቮን ላንቸስተር ያሳተመው የዛንዚባር ጥናት ግን ከርዕሱ ጀምሮ የሐሩር አካባቢ ከተማ ዕቅድ ጥናት መሆኑን የሚያስታውቅ ነው። በሕንድ ከተሞች የሠራው ላንቸስተር ከተማዋን ከነፋሷ፣ ከሰርጧና ከወደቧ ጋር አያይዞ አየ። ሐሳቡ በአብዛኛው በወረቀት ቀረ። በተግባር የሆነው ሰርጡን ቀስ በቀስ መድፈን ነው። ሥራው እስከ 1950ዎቹ ቀጥሎ ቀድሞ ውሃ የነበረው መንገድና ሜዳ ሆነ፤ በአጠገቡ ያለው ዋና ገበያ ግን እስከ ዛሬ ዳራጃኒ፣ «ድልድዩ ጋ» እየተባለ ይጠራል። ውሃው ቢደርቅም ልዩነቱ አልደረቀም፤ ድንጋዩ ወዲህ፣ ጭቃው ወዲያ መሆኑን የግንባታ ደንቡ አጸናው። ቀደም ብሎ በጥበቃ ግዛቱ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ጆን ሲንክለር የተባለው ባለሥልጣንና አርክቴክት በከተማዋ ዳር ዳር ጉልላትና ቅስት ያላቸው የመንግሥት ሕንፃዎች ሠራ፤ በ1925 የተከፈተው የሰላም መታሰቢያ ሙዚየም ከእነርሱ አንዱ ነው። በ1958 ደግሞ ቀደም ሲል ለኢየሩሳሌም ዕቅድ ያወጣው ሄንሪ ኬንዳል ለዛንዚባር አዲስ ዕቅድ አቀረበ፤ ብዙም ሳይሠራበት ዘመኑ ተለወጠ።

በጥር 1964 የተነሣው አብዮት ሱልጣኑን አስወገደ። በዚያው ዓመት መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ የቅርንፉድ ርስቶቹ ተከፋፍለው ለቤተሰቦች ሦስት ሦስት ኤከር ተሰጠ። በድንጋይ ከተማው የብዙ ዓረቦችና ሕንዶች ቤት ተወርሶ ከገጠርና ከንጋምቦ የመጡ ቤተሰቦች ገቡበት። አዲሱ የዛንዚባር ፕሬዚዳንት አቤይድ ካሩሜ ግን ልባቸው ያለው ማዶ ነበር። የምሥራቅ ጀርመን ባለሙያዎች በ1968 ባወጡት ዕቅድ መነሻነት በንጋምቦ መካከል ሁለት ሰፋፊ ጎዳናዎች ተቀደዱ፤ በግራና በቀኛቸው ሚቼንዛኒ የሚባሉት እንደ ባቡር የተቀጣጠሉ የኮንክሪት ፎቆች ተሠሩ። ቤታቸው የፈረሰባቸው አፓርታማ ተሰጣቸው። ትላንት በጭቃ ቤት መሬት ተከራይ የነበረ ሰው ቧንቧና መብራት ያለው ቤት ባለቤት መሆኑ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን ማሳነስ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ሕንፃዎቹ የተሰለፉት ጎዳናውን ተከትለው እንጂ ነፋሱን አይደለም። ባራዛና ጓሮ የላቸውም፤ ውሃውም ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት ተስኖት ሴቶች ባልዲ ተሸክመው ደረጃ ይወጡ ነበር። ተመሳሳይ ፎቆች እንደ ማኩንዱቺ ባሉ የገጠር መንደሮችም ቆሙ።

ፊት የተነፈገው የድንጋይ ከተማ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መፍረስ ያዘ። ጣራ ካላፈሰሰ የኮራል ግድግዳ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ አንዴ ውሃ ከገባው ግን ኖራው ይሟሟል፣ ቦሪቲው ይበሰብሳል፣ ፎቁ በፎቁ ላይ ይወርዳል። በ1985 የድንጋይ ከተማ ጥበቃና ልማት ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1994 በአጋ ካን የባህል ድርጅት እገዛ የጥበቃ ዕቅድ ወጣ፤ በ2000 ዩኔስኮ ከተማዋን በዓለም ቅርስነት መዘገባት። ለጥገናው ትልቁ እንቅፋት ሲሚንቶ ሆኖ ተገኘ። ኖራ እርጥበትን ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ያፍናል። በሲሚንቶ የተለሰነ የኮራል ግድግዳ ከውስጥ ጨው እየቋጠረ ልስኑን እየገፋ ይጥላል። ስለዚህ የኖራ አቃጣይና አብራጅ ሙያ እንደገና መማር አስፈለገ። ቤይት አል አጃኢብ ራሱ በታኅሣሥ 2020 በጥገና ላይ እንዳለ የፊት ለፊት ክፍሉ ከሰዓት ማማው ጋር ተደረመሰ።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የደሴቲቱ መሬት ዋጋ ተገለባብጧል። ዋሃዲሙዎች የተገፉበት የምሥራቁ የኮራል ጠረፍ ነጭ አሸዋ ስላለው የሆቴሎች ምድር ሆነ። እዚያ ግን ጣፋጩ ውሃ ከጨዋማው በላይ ተንሳፍፎ የሚገኝ ስስ ንጣፍ ነው፤ አብዝቶ ሲቀዳ ባሕሩ ከሥር ይመጣል፣ ጉዳቱም ቀድሞ የሚደርሰው በመንደሮቹ ጉድጓድ ላይ ነው። በ2012 ቆጠራ 1.3 ሚሊዮን የነበረው የዛንዚባር ሕዝብ በ2022 ወደ 1.9 ሚሊዮን ተጠግቷል። አብዛኛው የሚሰፍረው ከተማዋ ዙሪያ፣ በምዕራቡ ለም አፈር ላይ ነው፤ ምድር ቤት ብቻ ያለው የብሎኬት ቤት አንዱ ካንዱ ተያይዞ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል። ለሦስት ኤከሩ ባለመሬት ቅርንፉድ ከማልማት ቦታውን ሸንሽኖ ለቤት ሠሪ መሸጥ ይበልጥ የሚያዋጣ ሆኗል። በአንዳንዱ አዲስ ግቢ መካከልም በርስቱ ዘመን የተተከለ የቅርንፉድ ዛፍ ለጥላ ተትቶ ይታያል።